አንድ ናው ወይስ ሁለት?

እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ መምህር «ናው ማለት አሁን ማለት ነው» ብለውኛል። ዋሽተውኛል። አውቀው ነው አልልም፤ ደቡብ አፍሪካ ያለችውን ኮማኒን አይተዋት አያውቁም።

ኮማኒ ውስጥ ሰው «እየመጣሁ ነው» ሲልህ ገና ምንም አላለህም። ጅራቱን ጠብቅ። ጅራቱ «ናው» ከሆነ ሰውየው የመምጣት ሐሳብ አለው፤ ሐሳብ ነው እንግዲህ። «ናው ናው» ካለህ ከወንበሩ ተነስቷል፣ ቁልፉን እየፈለገ ነው። «ጀስት ናው» ካለህ ግን አንተ ወንበር ፈልግ። ጀስት ናው ዛሬ ማታ ሊሆን ይችላል፤ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ አንተ ከተቀበርክ በኋላም ሊሆን ይችላል። የሚያናድደው ደግሞ ሰውየው አልዋሸም። ሄደህ ብትጮህበት «ጀስት ናው ብዬህ የለ እንዴ?» ብሎ ራሱ ይቆጣሃል። የኮማኒ ሰዎች እርስ በርስ የሚያወሩት በኮሳ ቋንቋቸው ነው። የሚጣሉትም የሚጸልዩትም በኮሳ ነው። ቀጠሮ ላይ ሲደርሱ ብቻ ሹልክ ብለው እንግሊዝኛ ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ማንም አይዛቸውም።

ማ ዙኪስዋን ዕድሜ ልኳን ሲያቃጥላት የኖረው ይሄ ነገር ነው።

ማ ዙኪስዋ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ከቤቷ ግድግዳ ጋር በተያያዘ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቦምቦሊኖ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ናት። እዚህ አማግዊኛ ይሉታል፤ ያው ሊጥ ነው፣ ያው ዘይት ነው። ሰፊ ሴት ናት፣ ድምጿም እንደዚያው። ዘይቱ ሳይግል ሰው ከመጣባት «አልደረሰም፣ ሂድ» ትላለች እንጂ በጣፋጭ ቃል አትይዝም። በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ሰው ባለጌ ናት ይላታል። እኔ ያሳለፈችውን ስለማውቅ አልፈርድባትም።

አባቷ ወደ ወርቅ ማዕድን ሲሄድ እናቷን ባቡር ጣቢያ አቁሞ «እመጣለሁ፣ ጀስት ናው» አላት። ባርኔጣው መጣ። እሱ አልመጣም።

ባሏ ላንጋ ለምድጃ የሚሆን ነጭ ጋዝ ሊገዛ ወጣ። እሱማ ጀስት ናው እንኳን አላለም፤ «ናው ናው» ብሎ ነው የወጣው። ይሄ እዚህ አገር እንደ መሐላ ነው። ሩስተንበርግ ከተማ ሄዶ ሌላ ሚስት አግብቷል ይባላል። ማ ዙኪስዋ ስለ ሴትዮዋ ክፉ ተናግራ አታውቅም። «ሌላ ሴት መውደድ ያለ ነው፤» ትላለች፣ «ናው ናው ብሎ መጥፋት ግን የሰው ሥራ አይደለም። ጋዙን እንኳን ቢልክ ምን ነበረበት?»

ቀጥሎ ለድሃ ቤት የሚሠሩ የመንግሥት ሰዎች ሄልሜት አድርገው መጡና ጓሮዋን ለክተው ችካል ተከሉ። «ቤትሽ እየመጣ ነው፣ እማማ፣ ጀስት ናው።» ችካሉን ምስጥ በላው። ቤቱ ሲመጣ እሷ ሸብታ ነበር፤ መስኮቶቹ ደግሞ ከቤቱ ጋር አልመጡም።

እናቷ ኖማሊዞ ግን ሌላ ፍጥረት ነበረች። የሰው ልብስ እያጠበች ነው የኖረችው። ሴት ምጥ ያዛት ቢባል፣ ሬሳ የሚያጥብ ጠፋ ቢባል፣ አጥር ላይ ቆመህ «ኖማሊዞ!» ብለህ አንዴ ትጣራለህ። «መጣሁ» አትልህም። የሳሙናው አረፋ ክንዷ ላይ እንዳለ በርህ ላይ ታገኛታለህ። ሞታ ስትቀበር ለምልክት የኢናሜል ሳህን መቃብሯ ላይ ደፉ። ኮረብታው ላይ ላሞች ይመላለሳሉ፣ ዝናቡ አፈሩን ያሰምጠዋል። ድንጋይ ያልቆመለት ሰው እዚያ ቶሎ ይጠፋል። የጎረቤታችን አያት እንደዚያ ጠፍተው፣ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ደፍሮ ይኸው መቃብሩ ማለት አይችልም፤ እዚህ ነው እዚያ ነው እያለ በግምት ነው የሚያለቅሰው።

ስለዚህ ማ ዙኪስዋ ለድንጋዩ አጠራቅማ ከፈለች። ድንጋዩን የሚቀርጸው ታታ ፉንዲሌ ነው፣ ታታ ማለት አባባ ማለት ነው፣ ከጎሚስታው አጠገብ ግቢ አለው። እጁን እግዚአብሔር ባርኮታል፤ እግሩን ግን ረስቶታል። በዚህ አገር ወግ ድንጋዩ መቃብሩ ላይ ቆሞ በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ፓስተር ይጸልያል፣ ጨርቁ ይገለጣል፣ ከዚያ በግ ይበላል። ቀኑ የፋሲካ ቅዳሜ ተባለ፤ ኬፕታውን ያለውም ደርባን ያለውም የሚመጣው ያኔ ስለሆነ ነው። ያ ካለፈ እስከ ገና ሰው አይሰበሰብም፤ እስከ ገና ደግሞ ዝናቡ አለ።

በየጊዜው ስትደውል እሰማለሁ። መጀመሪያ በአክብሮት ነበር።

«ታታ ፉንዲሌ፣ እንደምን አሉ? የእናቴ ድንጋይ ነገር እንዴት ሆነ?»

«አይዞሽ ሲሲ! ይዤው እየመጣሁ ነው፣ ጀስት ናው።»

ሲሲ ማለት እህት ማለት ነው፤ እህት ያለሽ ሰው ደግሞ ይመጣል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ጠበቀች። በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ግን «እርስዎ» አለቀ። ዘይቱ እየተንጫጫ፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ስትጮህ መንገዱ በሙሉ ሰማ።

«ስማ አንተ! ቅዳሜ ዘመዶቼ ይመጣሉ! ይዘኸው ና፣ ናው!»

አልመጣም። ሐሙስ ከሥራ መልስ የጎዳናው ኮሚቴ ዘንድ ከሰሰችው፤ እኔም ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳት።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሊቀመንበሩ ታታ ሶቤክዋ ጋራዥ ውስጥ ነው። ድሮ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ አሁንም ሰው ሲያዳምጡ እንደ መሪ የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ፣ የዚያን ቀን የባልዲ ክዳን ያዙ። ፉንዲሌ አቧራውን አራግፎ፣ እንደ ተበደለ ሰው አዝኖ መጣ።

«ፉንዲሌ፣» አሉ ታታ ሶቤክዋ፣ «የሴትዮዋ ድንጋይ አላለቀም?»

«ኧረ አልቋል፣ ታታ። ከገና በፊት ነው ያለቀው።»

ማ ዙኪስዋ ቀስ ብላ ተነሳች።

«ምን አልክ?»

«አልቋል። ግቢዬ አለ፤ ዶሮ ይተኛበታል።»

«አልቆ ዶሮ ይተኛበታል! እናቴ ሳህን ደፍታ ዝናብ ይደበድባታል፣ ዶሮው ስሟ ላይ ይተኛል! ታዲያ ምን ቆርጦህ ነው ያላመጣኸው?»

«አልቸኮልሽም ብዬ ነዋ!» አለ ፉንዲሌ፤ ከልቡ ነው የሚለው። «መጀመሪያ ስትከፍዪኝ ‹አታጣድፍ፣ ጀስት ናው ታመጣዋለህ› አላልሽኝም? እኔ እንዴት አድርጌ ላጣድፍሽ? ሰው ጀስት ናው እያለህ ይዘህበት ብትሄድ ነውር ነው። ቤቱ ተዘጋጅቶ ላይሆን ይችላል።»

እንዲህ ሲል አንዳንዶች ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ደሜ ፈላ። ድንጋይ እኮ ነው! ድንጋይ ይዘህ ብትሄድ ሻይ አፍልቶ የሚጠብቅህ ማን ነው?

«ያ ያኔ ነው!» አለች ማ ዙኪስዋ። «ሰኞ ምን ብዬሃለሁ? ናው ናው ብዬሃለሁ!»

«አላልሽም። ናው ነው ያልሽኝ። አንድ ናው። ሁለት ብትይኝማ ድንጋዩን ተሸክሜ በእግሬ እመጣ ነበር።»

«ሁለት ነው ያልኩህ!»

«አንድ ነው፣ ሲሲ። እንደ እግዚአብሔር አንድ ነው።»

ታታ ሶቤክዋ የባልዲውን ክዳን ወደ ቀኝ አዞሩት። ነገሩ እዚህ ላይ ደረሰ። የአንዲት ሴት እናት መቃብር ሊጠፋ ነው፣ የሰፈር ሽማግሌ ተሰብስቦ የሚመረምረው ናው አንድ ጊዜ ነው ወይስ ሁለት ጊዜ ነው የተባለው የሚለውን ነው። ማንም አልሳቀም። ምስክር ተጠራ።

ምስክሯ ሲሲ ሉላማ ነበረች፣ ከማ ዙኪስዋ ጋር ግድግዳ የምትጋራው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የሁሉም ነገር ምስክር እሷ ናት።

«ሁለት ናው ሰምቻለሁ፤» አለች።

«ይኸው!» አለች ማ ዙኪስዋ።

«ግን…»

«ግን ምን? ዝም በይ እንግዲህ፣ ተናግረሻል!»

«ግን መሃል ላይ የሆነ ነገር ግድግዳውን መታው። ናው አለች፣ ቷ አለ፣ ከዚያ ናው አለች።»

ታታ ሶቤክዋ ክዳኑን አቆሙት። «ቷ ያለው ምንድን ነው፣ ማ ዙኪስዋ?»

«ስልኩ ነው፤» አለች። «ወረወርኩት።»

«ስለዚህ ሁለተኛውን ናው ያልሽው ለፉንዲሌ ሳይሆን ለግድግዳው ነው።»

«ግድግዳው ከእሱ ቀድሞ ይመጣ ነበር!» አለች። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ ግን እየሳቀች አልነበረም።

አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው «ማይ ፍሬንድ፣ በእናንተ አገር ይሄ ነገር እንዴት ነው?» አሉኝ። የውጭ አገር ባለሱቅ ሁሉ እዚህ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው። «እኛ አገር ሰው ሊሄድ ሲነሳ መጣሁ ይላል» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም።

ፍርዱ ተሰጠ። ፉንዲሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፓስተሩ መቃብሩ ላይ ሳይደርስ፣ ድንጋዩን ያቆማል። በዚህ ፍርድ ውስጥ ናው የሚባል ቃል የለበትም፣ ማንም እንዳያስገባበት አሉ ታታ ሶቤክዋ። ፉንዲሌ በሟች እናቱ ማለ። ማ ዙኪስዋ የራሷ ሟች እናት እያለች በሌላ ሰው እናት ሲማል መስማቷ ደስ አላሰኛትም፤ ግን እሺ ብላ ወጣች።

ቅዳሜ ኮረብታው ላይ ነፋስ ነበር። ዘመድ በሚኒባስ ተጭኖ መጣ፣ ቀይ ጃኬትና ነጭ ኮፍያ ያደረጉት የቤተክርስቲያን እናቶች እየዘመሩ ወጡ። በጉ ታርዶ ቤት እየተቀቀለ ነው። ሲሲ ሉላማ ነጩን ጨርቅ አጥፋ ደረቷ ላይ ይዛለች። ፓስተሩ ደረሰ። ሳህኑ እንደተደፋ ነው።

ፉንዲሌም መጣ። ሱፍ ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ። እንደ እንግዳ።

ማንም ምንም ሳይጠይቀው «ወንድሜ ሞንዴ በባኪው ይዞት እየመጣ ነው» አለ። ባኪ የሚሉት ፒክአፕ መኪናውን ነው። «ጎማ ተንፍሶበት ነው እንጂ…»

ማ ዙኪስዋ ትጮሃለች ብለን ጆሯችንን አዘጋጀን። አልጮኸችም። ሄዳ ጨርቁን ከሉላማ እጅ ወሰደች።

«ና እዚህ።»

«ሲሲ…»

«እናቴ ራስጌ ቁም።»

«ሲሲ፣ እኔ እኮ…»

«ድንጋይ ነህ። ድንጋይ አይናገርም። ቁም አልኩህ!»

ቆመ። ምን ያድርግ? አክስቶቿ ከኋላው ቆመዋል፤ እነሱ ደግሞ ሰፋፊ ናቸው። ጨርቁን ከአናቱ እስከ ጉልበቱ አለበሰችው። ከሥር የተወለወለው ጫማ ብቻ ቀረ።

ፓስተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ይሄ ነገር በቤተክርስቲያናችን ሥርዓት…»

«ፓስተር፣ ከዚህ በኋላ ሌላ መቃብር ይጠብቅዎታል አይደል?»

«አዎ፣ ግን…»

«ድንጋዩ እስኪመጣ ቆመው ይጠብቁልኛል?»

ፓስተሩ ሰዓቱን አየ። «እንጸልይ» አለ።

ተጸለየ። ተዘመረ። ነፋሱ ጨርቁን ፉንዲሌ ፊት ላይ እያጣበቀ አፍንጫውን ያሳየን ነበር። ታላቋ አክስት ጫፉን ይዛ ጎተተች። ፉንዲሌ ብቅ አለ፣ ጸጉሩ ቆሞ፣ ዓይኑን እያርገበገበ። እልል የሚል አልነበረም፤ ምን ተብሎ እልል ይባላል?

«አንብብ» አለች ማ ዙኪስዋ።

«ምኑን?»

«የቀረጽከውን። ድንጋይ ሲገለጥ ይነበባል። ጻፍኩ ብለሃል፣ ጽሑፉ የታለ?»

ፉንዲሌ መሬት መሬት አየ። ከዚያ መጥራት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ፊደል በመሮ እንደሚያወጣ ሰው። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የጎሳዋን ስም ጠራ፤ አንድም አልሳተም። መጨረሻ ላይ ማ ዙኪስዋ ራሷ ያጻፈችው መስመር ነበር።

«‹ሲጠሯት መጣች፤›» አለ ፉንዲሌ።

በቃ ይኸው ነው። መጣች። ናው የለ፣ ጀስት የለ።

አንዲት አሮጊት «እውነት ነው!» አለች ከኋላ። «በጎርፍ ጊዜ መጥታልኛለች፣ ድልድዩ ተሰብሮ!» ሌላዋ «ለእኔም!» አለች። «ለእኔም!» የሚቀጥለው መዝሙር ሳይጀመር ምስክርነቱ ተነሳ፣ ሰው እንባውን በመሐረብ፣ በኮፍያው፣ በእጅጌው ይጠርግ ጀመር። እኔም ነፋሱ ነው አልኩ።

ፉንዲሌ አፉ አላርፍ አለ። «ለእኔም መጥታለች» አለ። «የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ።»

እሱን ባይናገር ይሻለው ነበር። ማ ዙኪስዋ አፍንጫው ሥር ገባች።

«ቤትህ ስትመጣ ጀስት ናው ብላሃለች?»

«አላለችም።»

«ናው ብለህ ስንቴ እንደጠራሃት ቆጥራብሃለች?»

«አልቆጠረችም።»

«ዶሮ አስተኝታብሃለች?»

የፉንዲሌ አገጭ ደረቱ ላይ ወደቀ። የማ ዙኪስዋ አክስቶች ማልቀሳቸውን ትተው ያዩት ጀመር። ሰዉ ይበቃዋል ያለ ይመስላል፤ ፓስተሩም ቡራኬ ሰጥቶ ወደሚቀጥለው መቃብር ሮጠ። ሴቶቹ የማ ዙኪስዋን ክንድ ይዘው «በይ እንሂድ፣ በጉ ይቃጠላል፣ ተነቧል እኮ» አሏት።

«ተነበበ እንጂ አልቆመም» አለች። «ሰው ድምፁ ነፋስ ነው። ነገ ላሞቹ ሲመጡ ፉንዲሌ ይኑር አይኑር ምን አውቃለሁ? እናንተ ሂዱ፣ ብሉ። እሱ ግን ድንጋዩ እስኪመጣ ካለበት ንቅንቅ አይልም። እኔም አልሄድም።» ሳህኑን አንስታ መቃብሩ ጎን ተቀመጠች፣ መሬት ላይ፣ በጥቁር ቀሚሷ።

ሉላማ እሷን ትታ አልሄደችም፣ እኔም አልሄድኩም። ሌላው ሰው ወደ በጉ ወረደ።

ፉንዲሌ ስልኩን አወጣና ወንድሙ ጋ ደወለ።

«ሞንዴ! የት ደረስክ?»

የሞንዴ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ተሰማ፤ ከበስተኋላው ሙዚቃ አለ። «እየመጣሁ ነው፣ ታላቄ!»

«ምን ናው?»

«ኧ?»

«የቱን ናው ነው የምትመጣው አልኩህ!»

«አትጨነቅ፣ ጀስት ናው።»

የፉንዲሌን ፊት ያላየ ሰው ቀርቶበታል። ስልኩን በሁለት እጁ ጨመቀው። «ናው ናው በል!» አለ። «አንተ የማትረባ፣ ናው ናው በል! ሁለቴ በለው! እዚህ ድንጋይ አድርገውኝ አቁመውኛል!»

«ምን አድርገውህ?» አለ ሞንዴ።

ሉላማ ሳቋን ለማፈን ነጩን ጨርቅ አፏ ውስጥ ከተተች። ማ ዙኪስዋ ግን ወደ ስልኩ እንኳን አልዞረችም።

ፀሐይዋ ዞረች። ከሰፈር የሥጋ ሽታ ወጣ፣ ዘፈን ወጣ፣ ቆይቶ ዘፈኑም ደከመ። ፉንዲሌ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራል፤ ኮቱን አውልቆ አጣጥፎ አሁንም ራስጌ እንደቆመ ነው። አንዴ «ውሃ ጠማኝ» አለ። ማ ዙኪስዋ «እናቴንም» አለችው።

ባኪው ሲመጣ የፊት መስተዋቱ ላይ የሞንዴ ጓደኞች እግር ተዘርግቶ ነበር። ድንጋዩ ከኋላ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ሲገልጡት የዶሮው ነገር እውነት ነው፣ ጥግ ጥጉ ላይ ነጭ ነጭ ነገር አለው። ማ ዙኪስዋ የቀሚሷን ጫፍ ምራቅ አስነክታ ፊደል በፊደል ጠረገችው። ፉንዲሌና ወንድሙ ቆፈሩ፣ ሲሚንቶ አቦኩ፣ ተሸክመው አቆሙት።

ተነስታ ወደ ኋላ ሄደች። አንገቷን ዘመም አድርጋ አየችው። ዙሪያውን ዞረች፤ እግሯ ደንዝዟት ስለነበር ሉላማ ደገፈቻት። ከታች ያሉት ቤቶች ላይ ጭስ ተነስቷል። ሞንዴ የባኪውን ሞተር አስነስቶ «እንሂድ እንጂ፣ ታላቄ» አለ።

«ወደ ግራ ዘሟል፤» አለች ማ ዙኪስዋ።

ፉንዲሌ በሱፉ እንደሆነ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከና ድንጋዩን ወደ ቀኝ ገፋው።